መልስ፦ 70 ዓመት ነው ወይስ 120?

ወንድሜ፣ መዝሙር 90 የሰው ዕድሜ 70፣ ቢበረታ 80 ነው ሲል ዘፍጥረት 6፥3 ለምን 120 አለ፣ አይጋጩም ወይ ብለህ ጠይቀሃል። አይጋጩም። የዘፍጥረቱን 120 ብዙዎች እስከ ጥፋት ውኃ የቀረ ጊዜ አድርገው ይረዱታል። እኔንም የሚያሳምነኝ ይኸው ነው። ከጥፋት ውኃ በኋላ እኮ አብርሃም 175፣ ይስሐቅ 180 ዓመት ኖረዋል።

መዝሙሩ ደግሞ ጸሎት እንጂ ሕግ አይደለም። (በኦርቶዶክሱ ዳዊት 89ኛው ነው፤ ቁጥሩ እንዳያደናግርህ።) ርእሱ የሙሴ ጸሎት ይለዋል። ሙሴ ራሱ ግን የሞተው በ120 ዓመቱ ነው። ስለዚህ መዝሙሩ የሚናገረው፣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ስለሚደርስበት ዕድሜ ነው።

ዳዊትን ተመልከት። በ30 ዓመቱ ነገሠ፣ 40 ዓመት ገዛ፤ ድምሩ 70 ነው። በመጨረሻ ልብስ ቢደራርቡለትም አይሞቀውም ነበር።

80ውን ለማየት 2ኛ ሳሙኤል 19 ላይ ዳዊትን በስደቱ ጊዜ የመገበውን ሽማግሌ ቤርዜሊን አንብብ። ይህን ታሪክ በጣም ነው የምወደው። ንጉሡ «ኢየሩሳሌም አብረኸኝ ና፣ እኔ እጦርሃለሁ» ይለዋል። ሽማግሌው ግን 80 ሞልቶኛል፣ የምበላው አይጣፍጠኝም፣ የዘፋኞችን ድምፅ አልሰማም፣ ለምን ሸክም እሆንብሃለሁ ይላል። በአገሬ፣ በአባቴና በእናቴ መቃብር አጠገብ ልሙት ብሎ ይለምናል። ምሬት የለበትም። በእሱ ፈንታ ሌላ ሰው ከንጉሡ ጋር ይልካል።

መዝሙሩን ስታነብ ቁጥር 10 ላይ አትቁም። ቁጥር 12 ዕድሜያችንን መቁጠር አስተምረን ይላል፤ ቁጥር 14 ደግሞ በቀረን ዘመን ሁሉ ደስ እንዲለን ይለምናል። እስከ 17 ዝለቅ።