የራስህን የዲሲፕሊን ክስ ራስህ አትያዘው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በፍርድ አፈጻጸም የተገኘው የደንበኛህ ገንዘብ በአንተ አካውንት ገባ። የጥብቅና አበልህን ቀንሰህ ቀሪውን ሰጠኸው። እሱ "ገንዘቤን በላኝ" ብሎ በዲሲፕሊን ከሰሰህ። አሁን "ሕጉን አውቀዋለሁ፣ መልሱን ራሴ ብጽፈውስ?" ትላለህ።

አትጻፈው።

ልደታ ፍርድ ቤቱ አካባቢ ቢሮ ከከፈትኩ ወዲህ የሥነ ምግባር ክስ የደረሰባቸውን ባልደረቦች ጉዳይ እይዛለሁ። ብዙዎቹ ከእኔ የተሻሉ ተከራካሪዎች ናቸው። የራሳቸው ጉዳይ ሲሆን ግን ብዕሩን የሚይዘው ንዴት ነው።

አንዱን ልንገርህ። ከፍርድ ቤት ቀጠሮ ቀርቶ መዝገቡ ተዘጋ፣ ደንበኛው ከሰሰው። ባልደረባችን በአንድ ሌሊት 11 ገጽ መልስ ጽፎ አስገባ። ደንበኛው ከሚስቱ የደበቀውን ንብረት ሳይቀር ዘረዘረ፣ "ሰውዬው ውሸታም ነው" ለማለት። ወደ እኔ የመጣው ካስገባ በኋላ ነው። አንብቤ ስጨርስ ሆዴ ተላወሰ። የቀጠሮ ጉዳይ የነበረው የደንበኛን ምስጢር የማውጣት ጉዳይ ሆኗል። የሚያሳዝነው፣ ባልደረባችን በቀጠሮው ቀን ልጁን ይዞ ሆስፒታል ነበር። ማስረጃ አለው። እሱን ግን መጨረሻው ገጽ ላይ በአንድ መስመር ነበር የጠቀሰው።

ራስን ለመከላከል የደንበኛን ነገር ማንሳት ግድ የሚልበት ጊዜ አለ። ለቀረበብህ ክስ በሚያስፈልገው ልክ ብቻ ነው ግን። ያን ልክ የተናደደ ሰው አያየውም።

ወደ አንተ ልመለስ። አንተ "አልበላሁም" የሚለው ላይ ነው ያተኮርከው። ክሱን የሚያየው የዲሲፕሊን ጉባኤ የሚጠይቅህ ግን "ከገንዘቡ ላይ ለመቀነስ ምን መብት ነበረህ?" ብሎ ነው። የጽሑፍ ውል አለ? ውሉ ቀንሰህ እንድትወስድ ይፈቅዳል? ሂሳቡን በጽሑፍ አሳውቀኸዋል? የደንበኛ ገንዘብ ከራስ ገንዘብ ጋር አይቀላቀልም፤ ስለዚህ የባንክ መግለጫህ ከንግግርህ በላይ ይናገራል። የቴሌግራም መልእክቶቹንም አታጥፋ።

ውል ከሌለ ለጠበቃህ በመጀመሪያው ቀን ንገረው። እባክህ፣ ወደ ኋላ ቀን ጽፈህ ውል አታዘጋጅ። በማስጠንቀቂያ ወይም በገንዘብ ቅጣት ሊያልቅ የሚችል ጉዳይ ወደ ፈቃድ ስረዛ፣ ከዚያም ወደ ወንጀል የሚሄደው እንዲህ ነው። ትርፍ ወስደህ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ በባንክ መልስለት፣ "ክሱን ካነሳህ" የሚል ነገር ሳትጨምር።

ሽማግሌ ልላክ ወይ ላልከው፣ ከጠበቃህ ጋር ሳትመክር አትላክ። ለሽማግሌ "አጥፍቻለሁ" ያልከው ነገ ምስክር ይዞ ይመጣል።

ሌላው፣ ብዙዎቻችን አሁንም የድሮውን የጠበቆች ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 199/1992ን በቃላችን ይዘን እንከራከራለን። እሱ ተሽሮ በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ተተክቷል። መልስህ በተሻረ ሕግ እንዳይጀምር።

መጥሪያው ላይ ያለውን የመልስ ቀን እየው። ነገ ጠዋት ፋይሉን ሙሉውን ይዘህ የምታምነው ባልደረባ ጋ ሂድ። በንዴት የጀመርከው ረቂቅ ካለም አትቅደደው። ለጉባኤው አይገባም እንጂ፣ ለጠበቃህ ነገሩ የት ላይ እንደሚያምህ ያሳየዋል።