ባለቤቱ ድርጅቱን ሳይለቅ ዕዳውን ማስተካከል ይችላል ወይ? ለቀረበው ጥያቄ የግል ተሞክሮዬ

በሜሪላንድ ሃያ ሁለት ሠራተኞች ያሉት የጽዳት ድርጅት እንዳለዎትና ዕዳው 850 ሺህ ዶላር እንደደረሰ ገልጸው ሁለት ነገር ጠይቀዋል። አንደኛው፣ ባለቤቱ ድርጅቱን በእጁ ይዞ ዕዳውን በፍርድ ቤት የሚያስተካክልበት አዲስ ሕግ አለ መባሉ እውነት ነው ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው «ይህን ዝጋና በሚስትህ ስም ሌላ ክፈት» የሚለውን የወዳጅዎን ምክር ይመለከታል። እኔ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። ይሁን እንጂ በቨርጂኒያ ያለችኝን አነስተኛ የጭነት ማመላለሻ ድርጅት በዚሁ ሕግ አሳልፌ እስከ ዛሬ እየሠራሁባት ስለሆነ ያየሁትን ልጻፍልዎ። የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ አዎ ነው። ሁለተኛውን ግን እባክዎ አያድርጉት፤ ምክንያቱን በኋላ እመለስበታለሁ። የምጠቅሳቸው ቀናትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሕጉ ሰብቻፕተር ፋይቭ ይባላል፤ በ2019 ወጥቶ ከየካቲት 2020 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ፣ ቻፕተር ኢለቨን የሚባለው የአሜሪካ የኪሳራ ሕግ ምዕራፍ አንድ ክፍል ነው። የቀድሞው ቻፕተር ኢለቨን በትልልቅ ኩባንያዎች ልክ የተሰፋ በመሆኑ፣ ትንሽ ድርጅት ከዕዳው በፊት በሥነ ሥርዓቱ ወጪ ያልቅ ነበር። በዚያ ላይ አበዳሪዎች ካልተስማሙ በቀር፣ እነሱ ሙሉ በሙሉ ሳይከፈሉ ባለቤቱ ድርሻውን ይዞ መቆየት አይችልም የሚል ደንብ ነበረበት። አዲሱ ክፍል ይህን ደንብ አንሥቶ፣ ባለቤቱ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ድረስ ከሥራው ወጪ የሚተርፈውን ገቢ ለአበዳሪዎቹ እስከከፈለ ድረስ ድርጅቱን ይዞ እንዲቀጥል ፈቀደ። የዕዳው ጣሪያ መጀመሪያ 2,725,625 ዶላር ነበር፤ በኮሮና ጊዜ ወደ 7.5 ሚሊዮን ከፍ ብሎ ቆይቶ ያ ጊዜያዊ ድንጋጌ ሰኔ 21 ቀን 2024 ሲያበቃ ወደ 3,024,725 ዝቅ አለ፤ ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ ደግሞ 3,424,000 ሆኗል። ከዕዳው ቢያንስ ግማሹ ከንግድ ሥራ የመጣ መሆን ስላለበት የእርስዎ ጉዳይ በመጠኑም በዓይነቱም የሚገባ ይመስለኛል።

ነገሩ የአሜሪካ ብቻ አይደለም። እንግሊዝ በ2020፣ ኔዘርላንድስና ጀርመን ከ2021 መግቢያ ጀምሮ፣ ድርጅት ሳይፈርስ ዕዳው የሚስተካከልበትን ሥርዓት አበጅተዋል፤ አውስትራሊያም በዚያው ወቅት ዕዳቸው ከአንድ ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ላልበለጠ ኩባንያዎች ቀለል ያለ መንገድ ከፍታለች። አገራችንም በ2021 ባወጣችው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ ከ1960 ጀምሮ ሲሠራበት የነበረውን የኪሳራ ክፍል ቀይራ መልሶ የማደራጀት ሥርዓትን አስገብታለች። እኔ ግን የምናገረው የኖርኩበትን ነው።

በኮሮና ጊዜ የጭነት ዋጋ ሲንር መኪኖቼ ዘጠኝ ደረሱ። በ2022 ዋጋው ሲወርድ ናፍታ ደግሞ በጋሎን ከአምስት ዶላር አልፎ ስለነበር ክፍተቱን መርቻንት ካሽ አድቫንስ በሚባለው ገንዘብ ሞላሁት። ሰጪዎቹ ብድር ነው አይሉም፤ የወደፊት ገቢህን ገዝተናል ነው የሚሉት። ከመጀመሪያው 80 ሺህ ወስጄ 112 ሺህ ልመልስ ተስማማሁ፤ ይህም በየሥራ ቀኑ 890 ዶላር ከባንክ ሒሳቤ ይወሰድ ነበር ማለት ነው። እሱን ለመክፈል ሁለተኛውን፣ ሁለተኛውን ለመክፈል ሦስተኛውን ወሰድኩ፤ በመጨረሻ በየቀኑ 2,140 ዶላር ይወጣ ጀመር። አንድ ሰኞ ጠዋት የሹፌሮቹን ደመወዝ ልልክ ሒሳቡን ስከፍት ያገኘሁት 611 ዶላር ነበር።

ጠበቃው ዘንድ ስሄድ ጠቅላላ ዕዳዬ ወደ 1.3 ሚሊዮን ዶላር ደርሶ ነበር። እሱ ግን በመጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ዕዳው አልነበረም። «ዕዳውን ለጊዜው እንርሳውና እያንዳንዱ መኪና ነዳጁን፣ ሹፌሩን፣ ኢንሹራንሱንና ጥገናውን ችሎ በወር ስንት ያተርፋል?» አለኝ። ሁለት ሌሊት ተቀምጬ ስደምር አምስቱ ያተርፋሉ፣ አራቱ የአምስቱን ይበላሉ። አራቱን መለስናቸው። እርስዎም ከምንም በፊት ይህን ስሌት በየጽዳት ውሉ ይሥሩ፤ ዕዳው ጨርሶ ባይኖር እንኳ ሥራው ራሱ የማያተርፍ ከሆነ ይህ ሕግ ሞቱን ከማዘግየት በቀር አይረዳዎትም፤ በዚያ ላይ የጠበቃ ወጪ ይጨምርብዎታል። የእኔ የጠበቃ ወጪ በጠቅላላው ከ60 ሺህ ዶላር በላይ ሆኗል፤ ማመልከቻውን ለማስገባት ብቻ ለፍርድ ቤቱ 1,738 ዶላር ከፍያለሁ።

ማመልከቻው እንደገባ ማንኛውም አበዳሪ ገንዘብ መውሰድም ሆነ መክሰስ በሕግ ይከለከላል። ሆኖም የራስዎንም ገንዘብ እንደልብ ማውጣት አይችሉም። ኤስቢኤ የሚባለው የአነስተኛ ንግዶች የመንግሥት መሥሪያ ቤት በኮሮና ጊዜ በሰጠኝ የ350 ሺህ ዶላር ብድር ምክንያት ደንበኞች ገና ያልከፈሉኝን ሒሳብ ሁሉ በመያዣነት ይዞት ነበር፤ ስለዚህ ከዚያ የሚገባውን ገንዘብ ለነዳጅ ለማዋል በመጀመሪያው ሳምንት ዳኛው ፊት ቀርበን በጀት ማስፈቀድ ነበረብን። ከማመልከቻው በፊት የተሠራ ደመወዝም ያለ ፈቃድ አይከፈልም። ሃያ ሁለት ሠራተኛ ላለው ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለምና ቀኑን ከጠበቃዎ ጋር ሲመርጡ ከደመወዝ ቀን ጋር ያስተያዩት፤ እኛ ይህን ሳናስብ ሐሙስ ቀን አስገብተን ዓርብ ሹፌሮቹን ስለምን ዋልኩ።

በእያንዳንዱ ጉዳይ ትረስቲ የሚባል ጉዳዩን የሚከታተል ሰው ይመደባል። ድርጅቱን አይረከብም፤ ሥራው በዋናነት እርስዎንና አበዳሪዎችን ማስማማት ነው። የእኔዋ ትረስቲ ጨዋና ጠንቃቃ ሴት ነበረች። የአሥራ ሁለት ወር የባንክ መግለጫ ፊቷ ዘርግታ በየወሩ መጀመሪያ የሚወጣው 2,000 ዶላር ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ዕቁብ ነበር። ዕጣው ቀድሞ ወጥቶልኝ ለመኪና ቅድሚያ ክፍያ አውዬው ነበርና ቀሪውን እጥል የነበረው ከድርጅቱ ሒሳብ ነው። ዕቁብን በእንግሊዝኛ ለአንዲት የሕግ ሰው ማስረዳት ራሱን የቻለ ፈተና ነው፤ ወለድ የለውም፣ ውል የለውም፣ ግን ከማንኛውም ባንክ ይበልጥ ያስፈራል ብዬ ስጨርስ ሳቀች፤ ጥያቄዋን ግን አልተወችም። ይበልጥ የከበደኝ ለባለቤቴ ወንድም ከማመልከቻው አራት ወር አስቀድሜ የመለስኩለት 18 ሺህ ዶላር ነው። ለሌላ አበዳሪ የተከፈለ ዕዳ የሚመረመረው ከማመልከቻው በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ ከሆነ ሲሆን፣ ለቤተሰብ የተከፈለው ግን እስከ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ይታያል። ገንዘቡን ከእሱ ላለማስመለስ ያንኑ ያህል በዕዳ አከፋፈል ዕቅዱ ላይ ለአበዳሪዎች ጨመርኩ።

ዕቅዱ ማመልከቻው ከገባ በ90 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ማቅረብ የሚችለውም ባለዕዳው ብቻ ነው። እዚህ ላይ ሕጉ እጅግ ጠቃሚ ነው። 61 ሺህ ዶላር የቀረበት መኪና ዋጋው 38 ሺህ ከሆነ፣ በመያዣ እንደተያዘ ዕዳ የሚቆጠረው 38 ሺው ብቻ ነው፤ ቀሪው መያዣ ከሌላቸው ዕዳዎች ጋር ይደባለቃል። ሦስቱ የካሽ አድቫንስ ሰጪዎችም ከኤስቢኤ በኋላ የተሰለፉ ስለነበሩ ለእነሱ የሚተርፍ መያዣ አልተገኘም፤ ከመቶ ዶላር 14 ዶላር እየተከፈላቸው ነው። ለአይአርኤስ፣ ማለትም ለፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት፣ የቀረብኝን ፔይሮል ታክስ (የደመወዝ ግብር) ግን በአምስት ዓመት ውስጥ ሙሉ በሙሉ መክፈል ግድ ነው፤ ከሠራተኛው ደመወዝ ተቀንሶ ያልተላከው ክፍል ደግሞ ባለቤቱን በግሉ ያስጠይቀዋል። እርስዎም በዚህ በኩል የቀረብዎ ካለ፣ ከማንኛውም ዕዳ በፊት የሚያስጨንቀው እሱ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በግል ዋስትናው ላይ ነው። ድርጅቱ ከዕዳ ሲጠበቅ ዋስ የሆኑት እርስዎ አብረው አይጠበቁም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰኔ 27 ቀን 2024 ፐርዱ ፋርማ በተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ጉዳይ አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ፣ ኪሳራ ያላመለከተ ሰው አበዳሪዎቹ ሳይስማሙ በሌላ ድርጅት የኪሳራ ዕቅድ ከተጠያቂነት ነጻ ሊወጣ አይችልም ብሏል። ያ ክርክር የኩባንያው ባለቤት ስለሆነው የሳክለር ቤተሰብ ቢሊዮኖች ነበር፤ ዳሩ ግን እንደኔና እንደርስዎ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ የዋስትና ወረቀት ለፈረመ ሰውም ያው ነው። ስምምነት ግን አልተከለከለም። የእኔ የመኪና አበዳሪ የዕቅዱ ክፍያ እስካልተጓደለ ድረስ በግሌ ላይከሰኝ በጽሑፍ ተስማምቷል፤ ይህን ለማግኘት አምስት ወር ለምነናል።

ሜሪላንድን በቀጥታ የሚመለከት አንድ ውሳኔም አለ። ሜሪላንድንና ቨርጂኒያን የሚያጠቃልለው የአራተኛው ምድብ ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2022 እንደወሰነው፣ በሰብቻፕተር ፋይቭ ዕቅዱ ያለ አበዳሪዎች ስምምነት ከጸደቀ፣ በማታለል የተገኘ ገንዘብና መሰል ዕዳዎች ለድርጅትም አይሰረዙም። ገንዘብ ሲጠይቁ ገቢዎን አጋንነው ጽፈው ከሆነ ዛሬውኑ ለጠበቃዎ ይንገሩት።

ወደ ወዳጅዎ ምክር ስመለስ፣ ደንበኞቹ፣ ሠራተኞቹና ዕቃዎቹ ያው ሆነው ስሙ ብቻ ቢቀየር ፍርድ ቤት አዲስ ድርጅት ብሎ አይቀበለውም። ንብረት ያለ ተገቢ ዋጋ ወደ ሚስት መተላለፉን የፌዴራሉ የኪሳራ ሕግ እስከ ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ያፈርሰዋል፤ በክፍለ ግዛት ሕግ ደግሞ ጊዜው ከዚያም ሊረዝም ይችላል። ዋስትናውና ፔይሮል ታክሱም በስምዎ እንዳለ ይቀራል፤ ባለቤትዎንም ከሳሽ ፊት አቆሟት ማለት ነው።

ወደ ጠበቃ ሲሄዱ የአሥራ ሁለት ወር የባንክ መግለጫ፣ የፈረሟቸውን የዋስትና ወረቀቶች በሙሉ፣ የታክስ ማስታወቂያዎችንና በየጽዳት ውሉ የሠሩትን የትርፍ ስሌት ይዘው ይሂዱ። ዕቁብ ከድርጅቱ ሒሳብ የሚጥሉ ከሆነም ከዚህ ወር ጀምሮ ከግል ሒሳብዎ ያድርጉት፤ ያለፈውን ግን ሳይጠየቁ ለጠበቃዎ ይንገሩት።