ፎቶ ይቆረጣል፣ ይከረከማል ወይስ ይጎረዳል?

ጥያቄው የመጣው ፎቶ ማንሳት ከሚያስተምሩ አንባቢ ነው። «ተማሪዬን ‹ፎቶውን ቁረጠው፣ ንፅፅሩንም ጨምር› አልኩት። ‹ከምን ጋር ላነፃፅረው?› ብሎ አፈጠጠብኝ። ክሮፕና ኮንትራስት ከማለት ሌላ አማርኛ የለንም?» ይላሉ።

አለን እንጂ! ክሮፕ የማይፈለገውን የፎቶ ክፍል ማስወገድ፣ ኮንትራስት ደግሞ የጨለማውና የብርሃኑ ልዩነት ነው። ለክሮፕ የሚሆነው ቃል እንዲያውም በየሰው ቦርሳ ውስጥ አለ። ሥራ ፈላጊ ሁሉ «ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ» ይዞ አይደል የሚዞረው? ግሡ ጎረደ ነው፤ ረጅሙን ነገር ካንድ ቦታ ቆርጦ አሳጠረ። ጉርድ ቀሚስ ከዚያ ነው። የአዲስ አበባው ሰፈር ጉርድ ሾላም እንዲሁ። የታክሲ ረዳቱ ስሙን ቀኑን ሙሉ ሲጣራ ይውላል፤ የተጎረደ ዛፍ መሆኑን ማን ልብ ይላል? አፍንጫው አጠር ያለውን ጎራዳ እንላለን። ጎራዴንም ከዚሁ ሥር የሚቆጥሩ አሉ። ደስ ስለሚለኝ እኔም እቆጥራለሁ።

«ቁረጠው» አይበሉ። ትኬት ይቆረጣል፣ ተስፋ ይቆረጣል፣ መብራት ሳይቀር ይቆረጣል። ሁሉን የሚቆርጥ ግሥ የፎቶውን ነገር ለይቶ አይናገርም።

«መከርከም ይሻላል» ባዮች ግን ቀላል ክርክር የላቸውም። ጺም ሲከረከም የሚነካው ዳር ዳሩ ነው፤ ከፎቶም የሚነሳው ጠርዙ ነው ይላሉ። የስልኬን ቋንቋ ወደ አማርኛ ብቀይረው እሱም «ከርክም» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ማስረጃው ወደነሱ ያደላል። እኔ ግን ከረከመ በተባለ ቁጥር የፀጉር አስተካካይ መቀስ ነው ጆሮዬ ላይ የሚያንቋቋው።

አብረው የላኩልኝን ፎቶ እንይ። እናትዎ ቡና እየቀዱ ነው። ከግራ በኩል የጎረቤት ክርን ጥልቅ ብሏል። ከላይ ያለው ባዶ ግድግዳ የፎቶውን ግማሽ ወስዶታል። ክርኑን ማስወጣት መከርከም ነው፤ ይሁንላቸው። ያንን ሁሉ ግድግዳ መጣል ግን መጉረድ ነው። ግድግዳው ሲሄድ ዓይን ከጀበናው አፍ ቀጥታ ወደ ሲኒው ይወርዳል። ሰው ሲጎርዱ ደግሞ መገጣጠሚያ ላይ አይሁን። አንጓው ላይ የቆመ እጅ እውነትም የተቆረጠ ይመስላል፤ ጉልበትም እንደዚያው።

ወደ ንጽጽር እንምጣ። ሥሩ የግእዙ ነጸረ ነው፤ አየ፣ ተመለከተ። መነጽር ከዚያ ነው፤ «በአንጻሩ» የምንለውም። ንጽጽር ሁለት ነገር ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ነው። ስለዚህ ተማሪዎ «ከምን ጋር?» ማለቱ ልክ ነው፤ አይቆጡት። ኮንትራስት ሲጨመር ግን የሚመጣ ሁለተኛ ፎቶ የለም። እዚያው ፎቶ ውስጥ ጨለማው ይበልጥ ይጨልማል፣ ብርሃኑ ይበልጥ ይበራል። ይህ ለእኔ ተቃርኖ ነው። ቃሉ ከግእዙ ቀርን፣ ማለትም ከቀንድ የመጣ ነው። ጥቁሩ ጀበናና ነጩ ነጠላ ቀንድ ለቀንድ ይገጥማሉ ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ ሥዕል ከየት ይመጣል? (እህቱን ቅራኔን ግን አልመክርም። እሷ በደርግ ዘመን የውይይት ክበብ ውስጥ ብዙ ስለለፋች ትረፍ።) ተቃርኖውን ሲያበዙት ታዲያ የነጠላው ሽመና ይጠፋና እናትዎ ነጭ ወረቀት የለበሱ ይመስላሉ። ክሩ መታየቱን ሊያቆም ሲል እጅዎን ይሰብስቡ።

«ተቃርኖ ጨምር» ሲባል ሰው ጠብ ጨምር የተባለ ይመስለዋል የሚሉኝ አሉ። አልተሳሳቱም። ንጽጽር ቀድሞ ገብቷል፤ ወጣቱም ለምዶታል። ከለመደ በኋላ እኔ ምን አደርጋለሁ? ብቻ ከጻፉት በጸሎቱ ጸ ይሁን። እርስዎ በፀሐዩ ፀ ነው የጻፉልኝ፤ እሷን እንኳ አለቅም።