መልስ፦ ዝናቡ ሲያስመርር ስለሚቀርብ ምስጋና

እህቴ፣ «ሐምሌን ሙሉ ዝናቡ አላባራም፤ ልጆቼን በጣና ሐይቅ ወደ ዘጌ አሻግራለሁ ብዬ ቃል ብገባም ማዕበሉ ከለከለኝ፤ ታዲያ በምን አንደበት ላመስግን?» ብለው ለጠየቁት የበኩሌን ልበል።

ማዘንዎ ኃጢአት አይደለም፤ ዳዊትም መኝታውን በእንባ እያራሰ ጸልዮአል። በየዕለቱ የምናደርሰው ጸሎተ አኮቴት (የምስጋና ጸሎት) «ነአኩቶ»፣ ማለትም እናመስግነው፣ ብሎ ሲጀምር ለምስጋናው ከሚያቀርባቸው ምክንያቶች ቀዳሚው «ከደነነ»፣ ማለትም ሸፈነን፣ የሚለው ነው። እኔ ይህን ቃል በደንብ የሰማሁት ሌሊቱን ሙሉ ቆርቆሮው ሲንኳኳ፣ ልጆቹ ከሥሩ ደረቅ ሆነው ሲተኙ ነው።

ባለፈው ሳምንት በጣና ዳር አንድ አባት የደንገል ታንኳቸውን ዛፍ ላይ አስደግፈው፣ ውኃው ከሥሩ ጠብ ጠብ ሲል ቆመው ያዩ ነበር። «አልደርቅ አለ እንጂ ዳጉሳዬስ አምሮበታል» አሉኝ፤ ማማረርና ማመስገን በአንድ ትንፋሽ። (በፎገራ ሜዳ ርብና ጉማራ ሞልተው ማሳው ለተዋጠበት ገበሬ ግን «አመስግን» ከማለት አስቀድሞ እህል ማካፈል የሚገባ ይመስለኛል።)

ዘመነ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ስለሚዘልቅ፣ የዘጌው ጉዞ ለጥቅምት ይቆይና እስከዚያው ማታ ማታ ከልጆችዎ ጋር እንዲህ ይጸልዩ፦

«ሰማይን በደመና የምትሸፍን፣ ለምድርም ዝናምን የምታዘጋጅ አምላክ ሆይ፣ ስለ ከደንኸን እናመሰግንሃለን፤ ያዘንንበትንም ከአንተ አንሸሽግም። ጎርፍ ያፈናቀላቸውን አስብ፤ በሐይቁ ላይ ያሉትንም በሰላም ወደ ዳር አድርስ። አሜን።»