መልስ፦ አረቄ በድንገት ሲቆም ስለሚመጣው መንቀጥቀጥ

ሰላም ወንድሜ። ታላቅ ወንድምህ ለዓመታት በየቀኑ አረቄ ሲጠጣ ኖሮ ትናንት ሲያቆም እጁ ለምን እንደተንቀጠቀጠ ጠይቀሃል። አልኮል አንጎልን ያደነዝዛል፤ አንጎልም ያንን ለመቋቋም ራሱን ከልክ በላይ ማነቃቃት ይለምዳል። መጠጡ በድንገት ሲቀር መነቃቃቱ ብቻውን ይቀራል።

መንቀጥቀጡ፣ ላቡና እንቅልፍ ማጣቱ ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ይጀምራሉ። እስከ 48 ሰዓት ድረስ የሚጥል በሽታ የሚመስል መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ግን ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ያለው ነው፦ ትኩሳት፣ መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየት። ሰው «ለክፎት ነው» ብሎ ጠበል ብቻ ይዞት ይሄዳል፤ ሳይታከም ከቀረ ግን ሊገድል ይችላል።

ስለዚህ ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰደው። ሐኪሙ ዲያዜፓም የሚባል አንጎልን የሚያረጋጋ መድኃኒት ሰጥቶ መጠኑን በየቀኑ ይቀንሳል፤ ከፋርማሲ ገዝታችሁ በራሳችሁ አትስጡት። ምግብ ሳይበላ ከርሞ ከሆነ ይህንን ለሐኪሙ ንገር፤ ግሉኮስ ከመሰጠቱ በፊት ቫይታሚን ቢ1 በመርፌ ያስፈልገዋል፣ አለበለዚያ የማስታወስ ችሎታው ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል።

መንገድ ላይ ከጣለው በጎኑ አስተኛው፤ አፉ ውስጥ ምንም አትክተት፣ ክብሪትም አታሽትተው።