ድራይቩን ቀነስ፣ ሌቭሉን ከፈት፦ የጊታረኞች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ ጋሼ፣ ቲዩብ ስክሪመር ፔዳል (የጊታሩን ድምፅ የሚያሻክረውን፣ በእግር የሚረገጠውን) ራሴ ገጣጥሜ ይሠራል። ግን ወፍራሞቹን ክሮች ስመታ ድምፁ ይሳሳል። ምኑን ልቀይር?

መልስ፦ አንተ አላበላሸኸውም፤ አሠራሩ ነው። 4.7 ኪሎ ኦሙ ሬዚስተርና 0.047 ማይክሮ ፋራዱ ካፓሲተር ተባብረው ከ720 ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ እምብዛም እንዳይጎላ ይይዙታል። ካፓሲተሩን በ0.1 ብትተካው ወሰኑ ወደ 340 ኸርዝ ይወርዳል፣ ባሱም ይመጣል። ከመንቀልህ በፊት ግን ከባንዱ ጋር ሞክረው። ለብቻህ ስትጫወት የሳሳው ድምፅ ቤዙና ድራሙ ሲገቡ ቦታውን ያገኛል። የቫልቭ አምፕሊፋየር (በትራንዚስተር ፈንታ በመስታወት ቱቦ የሚሠራውን) ካገኘህ የፔዳሉን ድራይቭ (የማሻከሪያውን ቁልፍ) ዝቅ፣ ሌቭሉን (የድምፅ መጠኑን) ከፍ አድርገህ አምፕሊፋየሩን ራሱን ግፋው፤ ያ የምትፈልገው የድሮ ድምፅ የሚወጣው ከእሱ ነው። በየአዳራሹ የምናገኘውን የትራንዚስተር አምፕሊፋየር ግን እንዲህ አትግፋው፣ ጆሮ የሚበሳ ድምፅ ነው የሚያወጣው። እሱን ንጹሕ ትተህ ፔዳሉን አሠራው።

ጥያቄ (ከዳንግላ)፦ በቲዩብ ስክሪመሩ ውስጥ ድምፁን የሚቆርጡትን ዳዮዶች በቀይ ኤልኢዲ (በትንሿ አመልካች መብራት) ብተካቸውስ?

መልስ፦ ትችያለሽ። የሲሊከን ዳዮድ 0.6 ቮልት ግድም ሲደርስ ድምፁን መቁረጥ ይጀምራል፤ ቀይ ኤልኢዲ እስከ 1.7 አካባቢ ይታገሣል። ስለዚህ ድምፁ ይጎላል፣ መሻከሩ ይቀንሳል፣ የጣትሽ አመታትም ይለያል። እኔ ብሆን መጀመሪያ አንዱን ብቻ እቀይር ነበር፦ የድምፁ ሞገድ ላይና ታቹ እኩል ሳይቆረጥ ሲቀር ወደ ቫልቭ ድምፅ ይጠጋል።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ ከተበላሸ የድሮ ሬዲዮ ሁለት የጀርማንየም ትራንዚስተሮች አወጣሁ። ፈዝ (ድምፅን አብዝቶ የሚያሻክር ፔዳል) ለመሥራት ይሆኑኛል?

መልስ፦ ጥሩ ዕድል ነው! እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው ፈዝ ፌስ የተባለው ፔዳልም የተሠራው በሁለት የጀርማንየም ትራንዚስተሮች ነበር። ስትበይድ እግራቸውን በፒንሳ ያዝ፣ ሙቀት ይገድላቸዋል። ፒኤንፒ የሚባለው የትራንዚስተር ዓይነት ከሆኑ የባትሪው ፖዘቲቭ ከግራውንዱ ጋር ስለሚገናኝ ከሌላ ፔዳል ጋር አንድ አዳፕተር አታጋራቸው፤ ሾርት ያደርጋል። ሌላው ጣጣ አየሩ ነው። በማርቆስ ብርድ ያስተካከልከው ፈዝ ባሕር ዳር ፀሐይ ላይ ድምፁ ይበላሻል። በሁለተኛው ትራንዚስተር ኮሌክተር (ከሦስቱ እግሮቹ አንዱ) ላይ ተስተካካይ ሬዚስተር አስገባና ቮልቴጁን 4.5 አካባቢ አድርገው። ትዝታን በፈዝ የምትጫወት ከሆነም ኮርዱን ተወውና በአንድ ክር ዜማውን ተከተል፤ ኮርዱ ተንጫጭቶ ምን እንደሆነ አይለይም።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ሠርግ ላይ ፔዳሌ “እምም” ይላል። በባትሪ ሲሆን ዝም።

መልስ፦ እንግዲህ ጥፋተኛው አዳፕተሩ ነው። 9 ቮልቱ የተረጋጋ፣ የመሰኪያው መሐል ኔጌቲቭ የሆነ ፈልግ። እስክታገኝ በባትሪ ሥራ።