ጡረታዬን ይዤ አገሬ ብገባስ?

ጥያቄ፦ እኅቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። 63 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። በወጣትነቴ ሰሜን ሸዋ ውስጥ 12 ዓመት አስተምሬአለሁ። ከዚያ በዲቪ መጥቼ ዋሽንግተን ከተማ በመኪና ማቆሚያ ቤት 22 ዓመት ሠራሁ፤ አብዛኛው የሌሊት ፈረቃ ነው። ግሪን ካርድ አለኝ፤ ዜግነት ግን አልወሰድኩም። ከሰባት ዓመት በፊት ያገባኋት ባለቤቴ ደብረ ብርሃን ናት፤ አሜሪካን ረግጣ አታውቅም። ጉልበቴ እየደከመ ስለሆነ ሶሻል ሴኩሪቲዬን፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት ጡረታዬን፣ ዘንድሮ አስጀምሬ አገሬ ልግባና ወፍጮ ቤት ልክፈት ብዬ አስቤአለሁ። ከጓደኞቼ አንዳንዱ «ከስድስት ወር በኋላ ይቆርጡብሃል» ይለኛል፤ ሌላው «ማንም አይነካህም» ይላል። በ67 ዓመቴ 1,600 ዶላር እንደማገኝ የሚገልጽ ወረቀት አለኝ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። እኔም ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ 26 ዓመት በሒሳብ ሠራተኛነት ኖሬ፣ ጡረታዬን ይዤ አዲስ አበባ ከገባሁ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። የአገር ቤት ናፍቆት ሰውን እንዴት እንደሚያስቸኩል አውቀዋለሁ። ቢሆንም ቲኬት ከመቁረጥዎ በፊት የአሜሪካ ዜግነትዎን ይጨርሱ። ይህን የምለው ደመወዝ ለቃቅሞ ለሚኖር ሰው የገንዘቡ ልዩነት ትልቅ ስለሆነ ነው።

ጓደኞችዎ ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። ዜጋ ያልሆነ ሰው ከአሜሪካ ውጭ ስድስት ሙሉ ወር ከቆየ ክፍያው ይቆማል የሚለው ደንብ አለ። ከዚህ ደንብ ነፃ ከሚሆኑት መካከል ግን 40 ክሬዲት፣ ማለትም የ10 ዓመት ያህል ሥራ ያላቸው ኢትዮጵያውያን ይገኙበታል። እርስዎ ይህን ካለፉት ቆይተዋል፤ ስለዚህ በራስዎ ላብ ያገኙት ጡረታ ደብረ ብርሃን ድረስ ይከተልዎታል።

የሚጎዳዎት ግብሩ ነው። በ67 ዓመትዎ 1,600 የሚሆነው ጡረታ በ63 ሲጀመር 25 በመቶ ተቀንሶ 1,200 ይሆናል፤ ቅናሹም ዕድሜ ልክዎን የሚዘልቅ ነው። ከአሜሪካ ውጭ በሚኖር የውጭ ዜጋ ላይ ደግሞ 25.5 በመቶ ግብር ከመነሻው ይያዛል። ከ1,200 ላይ 306 ዶላር ሲነሳ በእጅዎ የሚገባው 894 ብቻ ነው። ከ22 ዓመት የሌሊት ሥራ በኋላ! ዜጋ ሆነው ቢሄዱ ግን፣ ሌላ ገቢ እስከሌለዎት ድረስ፣ ከዚህ ጡረታ ላይ አንዲት ሳንቲም አይቆረጥም።

ያዘገየዎት የእንግሊዝኛ ፈተናው ከሆነ አይፍሩት። ዕድሜው 55 የሞላና በግሪን ካርድ 15 ዓመት የኖረ አመልካች ከቋንቋ ፈተናው ነፃ ነው፤ የታሪክና የመንግሥት አስተዳደር ጥያቄዎችን በአስተርጓሚ፣ በአማርኛ ይመልሳል። የኢትዮጵያ ሕግ ጥምር ዜግነት ስለማይፈቅድ የኢትዮጵያ ፓስፖርትዎን ማጣትዎ አይቀርም፤ ይህ ልብ እንደሚነካ አውቃለሁ። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የሚሰጠው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ሰው ቢጫ ካርድ የሚለው፣ ያለ ቪዛ ለመግባት፣ ያለ መኖሪያና ያለ ሥራ ፈቃድ ለመኖርና ለመሥራት ያስችልዎታል።

አሁን ወደ ባለቤትዎ ልምጣ፤ ያሳሰበኝ ይህ ነው። የጡረተኛ ሚስት 62 ዓመት ሲሞላት፣ ባሏም ከሞተ ከ60 ዓመቷ ጀምሮ፣ በእሱ ሥራ ላይ ተመሥርቶ የሚከፈላት ገንዘብ አለ። ዜጋ ያልሆነችና ከአሜሪካ ውጭ የምትኖር ኢትዮጵያዊት ግን ይህን ለማግኘት በሚስትነት ዘመኗ ቢያንስ አምስት ዓመት አሜሪካ ኖራ መሆን አለበት። ባለቤትዎ ይህን አላሟሉም። እርስዎ ዛሬ ገብተው ነገ አንድ ነገር ቢሆኑ፣ ቼኩ ከእርስዎ ጋር ይቀበራል፤ ለእሳቸው ምንም አይቀርላቸውም። ብዙ ሰው ይህን የሚሰማው ከለቅሶ በኋላ ነው። ዜጋ ከሆኑ ያለ ኮታ ወረፋ ሊያስመጧቸው ይችላሉ፤ ይህ ለሁለታችሁም የማይሆን ከሆነ ደግሞ ከየወሩ ቼክ ላይ በእሳቸው ስም ይቆጥቡ።

ወፍጮ ቤቱን በተመለከተ፣ 67 ዓመት ሳይሞላዎት በዜግነት ሳይሆን በውጭ ዜጋነት ከሄዱ፣ ከአሜሪካ ውጭ በወር ከ45 ሰዓት በላይ የሠሩበት ወር ክፍያ አይሰጥዎትም። የራስ ንግድም ሥራ ነው። ወፍጮ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ ሰው የሚፈልግ ነገር ነው፤ 45 ሰዓት በአንድ ሳምንት ያልቃል። ዜጋ ከሆኑ የሚታየው ሰዓቱ ሳይሆን የትርፍዎ መጠን ነው፤ ከተጣራ ትርፍዎ ላይም ለአሜሪካ 15.3 በመቶ የግል ሥራ ግብር ይከፍላሉ። ከሁለቱም የሚሻለው ወፍጮውን ባለቤትዎ በስማቸው ከፍተው እንዲያስተዳድሩት ማድረግ ይመስለኛል።

ያስተማሩበትን 12 ዓመት በተመለከተ፣ ኢትዮጵያና አሜሪካ የሥራ ዘመን የሚያደማምር ስምምነት የላቸውም። የአገልግሎት ማስረጃዎን ይዘው የኢትዮጵያውን ጡረታ ለብቻው ይጠይቁ። ቀድሞ በውጭ አገር ጡረታ ምክንያት የአሜሪካው ይቀነስ ነበር፤ በጃንዋሪ 5፣ 2025 የተፈረመው ሕግ ይህን ቅነሳ አንሥቶታል።

ሜዲኬር፣ የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን፣ በመሠረቱ ከአሜሪካ ውጭ አያክምም። የሆስፒታሉ መድን፣ ክፍል ኤ፣ ለእርስዎ በነፃ ነው። የሐኪም ወጪ የሚሸፍነው ክፍል ቢ ግን በ2025 በወር 185 ዶላር ነበር፤ 65 ሲሞላዎት ሳይመዘገቡ ቀርተው በኋላ ቢመለሱ፣ ለዘገዩበት ለእያንዳንዱ 12 ወር 10 በመቶ ቅጣት ዕድሜ ልክ ይጨመርብዎታል። እኔ እየከፈልኩ ነው። ባለፈው ዓመት ዓይኔን ለማስቀደድ ሜሪላንድ ስመለስ ካርዴ በሥራ ላይ ስለነበር ሐኪሙ ዘንድ በሳምንቱ ገባሁ።

አንድ የደረሰብኝን ልንገርዎ። ውጭ ለሚኖሩ ጡረተኞች በሕይወት መኖራቸውን፣ አድራሻቸውን፣ ሥራ መሥራት አለመሥራታቸውን የሚጠይቅ ቅጽ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ በፖስታ ይላካል፤ ቁጥሩ 7162 ነው። የእኔ የተላከው በዘመድ አድራሻ ነበር፤ ከሱፐርማርኬት ማስታወቂያዎች ጋር መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ከረመ። ገንዘቤ ቆመ። ለምን እንደቆመ ለማየት የባንክ ሒሳቤን ልከፍት ብል፣ የማረጋገጫ ኮዱ የሚላከው ወደ ተዘጋው የአሜሪካ ስልኬ ነው። ሁሉንም አስተካክዬ እስክጨርስ አራት ወር ፈጀብኝ፤ የቤት ኪራዬን የከፈለልኝ ወንድሜ ነው። ስለዚህ በራስዎ ስም የፖስታ ሣጥን ቁጥር ይከራዩና አድራሻዎን አስቀድመው ያስመዝግቡ። የአሜሪካ ስልክዎን በርካሹ ክፍያም ቢሆን ያቆዩት፤ የአሜሪካ ባንክ ሒሳብዎንም አይዝጉ። ሁሉንም ዶላር በአንዴ ወደ ብር አይመንዝሩ፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ100 ብር በላይ እንደሄደ አይተናል።

ጥያቄ፦ እናቴ 71 ዓመቷ ነው፤ ከእኔ ጋር ሲያትል ትኖራለች፤ ኤስ ኤስ አይ ታገኛለች። የአባቴን የሰባት ዓመት ተዝካር ለማውጣት ጎንደር ሦስት ወር ልትቆይ ትፈልጋለች። ገንዘቡ ይመጣላታል?

መልስ፦ አይመጣላቸውም። ኤስ ኤስ አይ በሥራ የተገኘ ጡረታ ሳይሆን አቅም ለሌላቸው የሚሰጥ ድጋፍ ነው፤ ከአሜሪካ ውጭ 30 ተከታታይ ቀን ወይም አንድ ሙሉ የካሌንደር ወር ከቆዩ ይቆማል። 30 ቀን ካለፋቸው፣ ከተመለሱም በኋላ እንደገና የሚጀምረው 30 ተከታታይ ቀን አሜሪካ ውስጥ ከቆዩ ነው። ዜግነት ቢኖራቸውም ያው ነው። ከመሄዳቸው በፊት ለቢሮው ያሳውቁ፤ ሳያሳውቁ የተቀበሉት ገንዘብ ተመልሶ ይጠየቃል። ቲኬቱን ለአራት ሳምንት ይቁረጡላቸው፤ ፌብሩዋሪን ሙሉውን እንዳይነካ ብቻ ይጠንቀቁ፤ 28 ቀን ቢሆንም ሙሉ ወር ነውና።